መንገዱን የምንመራው እኛ ነን፤ ተጠያቂዎቹም እኛው

ለጅማና በዙሪያዋ ላሉት የቡና ከተሞችና ወረዳዎች ሽማግሎች፤ ለአጋሮ፣ ለሊሙ፣ ለማና፣ ለሸቤና ለጌራ እኩዮቼ፤ ሐጂዎች፣ ኦቦዎች፣ ጋሼዎች፣ እናቶችም ጭምር።

ይህን የምጽፍላችሁ ከጅማው ቦሳ ኪቶ ነው። ወጣቶቹን የምንመክርበት ሌላ ቀን አለ፤ የዛሬው ቃሌ ለእናንተ ለዕድሜ እኩዮቼ ነው። አንድ የምርምር ቡድን ከአዲስ አበባም ይምጣ ከባሕር ማዶ፣ ወፍ ሊቆጥር ወይም የዱር እንስሳ ናሙና ሊሰበስብ ወደ በለጤ-ጌራ ደን ሲገባ መንገዱን የሚያሳየው ማነው? ጉሬዛው የሚያድርበትን ዛፍ የሚጠቁመው፣ ድኩላው ውሃ የሚወርድበትን ሰዓት የሚነግረው፣ ጥርኝ የሚመላለስበትን የቡና ሥር የሚያውቀው ማነው? እኛ ነን፤ ካልሆነም እኛ ያሳደግነው ልጅ ነው። እንግዳው ሥራውን ጨርሶ ይሄዳል፤ ዱሩ ከእኛ ጋር ይቀራል። ስለዚህ «እኔ መንገድ መሪ ብቻ ነኝ» ብሎ ከደሙ ንጹሕ ነኝ ማለት አያዋጣም።

ማስጠንቀቂያዬ ይህ ነው። በዓይን ታይቶ ሊታወቅ የሚችልን ፍጥረት ለመያዝ የሚቸኩልን ሰው አንምራ። መያዝ ግድ ሲሆንም ፈቃዱን በዓይናችን ሳናይ፣ የተያዘበት ቦታና ቀን ሳይጻፍ፣ የመዝገቡም ግልባጭ እዚሁ ሳይቀር አንዲት ላባ እንኳ ከዱራችን አትውጣ። ይህን ካላደረግን እንስሳው አንድ ጊዜ በጥይት ወይም በወጥመድ፣ ሁለተኛ ጊዜ በመረሳት ይሞታል። ሁለተኛው ሞት ከመጀመሪያው ይከፋል፤ ከእሱ የሚተርፍ ትምህርት የለምና።

ነገሬ ከባዶ የተነሣ አይደለም። በአገራችን የሆነውን ልንገራችሁ።

ኢዩጄንዮ ሩስፖሊ የሚባል ጣሊያናዊ መስፍን በደቡብ ኢትዮጵያ ሲዘዋወር ወፍና እንስሳ ይሰበስብ ነበር። በታኅሣሥ 1893 እ.ኤ.አ. ሊገድለው የወጣው ዝሆን እሱኑ ገደለው። ከጓዙ መካከል ከዚያ በፊት ማንም ሊቅ አይቷት የማያውቅ፣ ሶሪትን የምትመስል ውብ ወፍ ተገኘች። በ1896 እ.ኤ.አ. ሳልቫዶሪ የተባለው የወፍ ሊቅ በሟቹ ስም ሰየማት። ነገር ግን ወፏ ከየት እንደተያዘች የሚናገር ወረቀት አልነበረም። የት ጫካ? በየትኛው ወር? በምን ዓይነት ዛፍ ላይ? የሚያውቀው አንድ ሰው ነበር፤ እሱም ዕውቀቱን ይዞ መቃብር ወረደ። ወፏ የምትኖርበት አገር ዳግመኛ እስኪታወቅ ድረስ እስከ 1940ዎቹ እ.ኤ.አ. መጠበቅ ግድ ሆነ። ዛሬ በነጌሌ ቦረናና በአሬሮ በኩል እንደምትገኝ እናውቃለን፤ ከኢትዮጵያ ውጭም የለችም። ያ ሁሉ ዘመን ደኗ ቢመነጠርና ብትጠፋ ኖሮ ማን ያለቅስላት ነበር? የት እንዳለች የማይታወቅን ፍጥረት ማንም አይጠብቅም።

አሁን ደግሞ ተቃራኒውን ስሙ። በ1990 እ.ኤ.አ. ከካምብሪጅ የመጣ ቡድን በነጭ ሳር ብሔራዊ ፓርክ የዱር እንስሳት ጥናት ያደርግ ነበር። በመንገድ ላይ ተረግጣ የሞተች ወፍ አገኙ፤ በምሽት አፈር ላይ ከሚያርፉት፣ በአየር ላይ ነፍሳት እየለቀሙ ከሚበሉት ወገን ናት። ሰውነቷ ፈርሶ ስለነበር ሊተርፍ የቻለው አንድ ክንፍ ብቻ ነበር። ያንን ክንፍ አንሥተው ቦታውንና ቀኑን ጻፉ፤ ላባውን ከዓለም ሙዚየሞች ስብስብ ጋር አስተያዩት። በ1995 እ.ኤ.አ. ለሳይንስ አዲስ የሆነች የወፍ ዝርያ ተብላ በዚያ አንድ ክንፍ ብቻ ታወቀች። ጥይት አልተተኮሰም፤ ወጥመድ አልተጠመደም። መንገድ ላይ የወደቀን ነገር ዝም ብለው ያላለፉ፣ የጻፉም ሰዎች ስለነበሩ ብቻ ነው።

ሩስፖሊ ሙሉ ወፍ ነበረው፤ እነዚህ አንድ ክንፍ። ለአገር የጠቀመው የትኛው እንደሆነ ፍርዱን ለእናንተ እተወዋለሁ። እኛ የቡና ሰዎች ነን። ጆንያው ላይ የመጣበት ጣቢያ ያልተጻፈበት ቡና ምንም ያህል ቢጥም የጅማ ነው ብሎ የሚቀበለን ነጋዴ እንደሌለ እናውቃለን። ቦታው ያልተጻፈበት የእንስሳ ቆዳም እንደዚያው ነው፤ ከየት እንደመጣ ካልታወቀ ምስክርነቱ ከንቱ ነው።

ሦስተኛ ነገር ልጨምር። የቺካጎው ፊልድ ሙዚየም በ1926 እና በ1927 እ.ኤ.አ. በዊልፍሬድ ኦስጉድ መሪነት ወደ አገራችን ትልቅ ቡድን ልኮ ነበር። በባሌና በአርሲ ተራሮች፣ በጎጃም፣ በሰሜን ተራሮች ዞረው ብዙ ሰበሰቡ። በጎጃም ሰከላ፣ በግልገል አባይ ምንጭ አካባቢ በአንዲት ጅረት ዳር አንድ አይጥ ያዙ። እግሩና ጸጉሩ በውሃ ውስጥ ለማደን የተሠራ፣ ከዚያ በፊት ሳይንስ የማያውቀው አይጥ ነበር። ኦስጉድ በ1928 እ.ኤ.አ. ስሙን አወጣለት። ከዚያ ወዲህ ሳይንስ የሚያውቀው ያንኑ አንድ ናሙና ብቻ ነው። ጅረቱ ዳር ያለው ሣር ተግጧል፤ መሬቱ ታርሷል። አይጡ ይኑር ወይም ይጥፋ የሚናገር ሁለተኛ አካል አልተገኘም። ግን ሰከላ መያዙ፣ መቼ መያዙ፣ በምን ዓይነት ውሃ ውስጥ መያዙ ስለተጻፈ፣ ዛሬም አንድ ወጣት ተመራማሪ ተነሥቶ ሊፈልገው ቢወድ የሚሄድበት ቦታ አለው። ያ ወረቀት ባይኖር ፍለጋው ራሱ አይኖርም ነበር።

ሥራውን ቀርቦ ላላየ ደግሞ ልንገር፤ የምንፈቅደውንና የምንከለክለውን በዓይነ ኅሊና ማየት አለብን። የተገደለች ወፍ ከደረቷ አጥንት ጀምሮ እስከ ሆዷ በስለት ትሰነጠቃለች። ቆዳዋ ላባውን እንደያዘ ቀስ ተብሎ ከሥጋው ይላቀቃል። ደሙና እርጥበቱ ላባውን እንዳያበላሽ የበቆሎ ዱቄት ይነሰነስበታል። አንጎሏና ዓይኗ ወጥቶ ጥጥ ይገባል። በመጨረሻ ሆዷ ይሰፋል፤ ሁለቱ እግሮቿ ተጣምረው ይታሰራሉ። እዚያ እግር ላይ ጣት የምታህል ወረቀት ትንጠለጠላለች። ቦታው፣ ከፍታው፣ ቀኑ፣ የወፏ ፆታ፣ የያዛት ሰው ስም በዚያች ወረቀት ላይ ይሰፍራል። የዓይኗና የእግሯ ቀለምም እዚያው በትኩሱ መጻፍ አለበት። ላባ በሙዚየም ሣጥን ውስጥ ብዙ ዘመን ቀለሙን ይዞ ይኖራል፤ የዓይንና የባዶ ቆዳ ቀለም ግን ወዲያው ይደበዝዛል። ከኦስጉድ ጋር የመጣው ሠዓሊ ሉዊ አጋሲ ፉዌርቴስ ወፎቹን በትኩሳቸው ይሥል የነበረው ለዚህ ነው። እሱ በነሐሴ 1927 እ.ኤ.አ. አገሩ ከገባ በኋላ መኪናው ከባቡር ጋር ተጋጭቶ ሞተ፤ ሥዕሎቹ ግን ተርፈው በ1930 እ.ኤ.አ. ታተሙ። ዛሬ የአገራችን ወፎች በዚያ ዘመን ምን ይመስሉ እንደነበር የሚመሰክሩት እነዚያ ሥዕሎች ናቸው።

ስለዚህ ከእናንተ ጋር ዱር የገባ ሰው ያችን ወረቀት ሲጽፍ ካላያችሁ፣ ወይም «ማታ ካምፕ ገብቼ እጽፈዋለሁ» ቢላችሁ፣ ጉዞውን አቁሙት። ማታ የሚጻፍ ነገር ይደበላለቃል። ከሸቤ የተያዘው ከጎጀብ፣ ጠዋት የተያዘው ከሰዓት በኋላ ተብሎ ይጻፋል። አንድ የተሳሳተ ወረቀት ከመቶ ዓመት በኋላ የሚመጡ ተማሪዎችን ሌላ ጫካ ውስጥ ያንከራትታል።

እዚህ ላይ ለቤታችሁም የሚሆን ጥንቃቄ አለ። የድሮ ሰብሳቢዎች ቆዳውን ነቀዝ እንዳይበላው አርሴኒክ የሚባለውን መርዝ በሳሙና አቅልጠው ይቀቡት ነበር። መርዙ በዓመታት ብዛት አይጠፋም። በአሮጌ ሣጥን ውስጥ ወይም በሳሎን ግድግዳ ላይ በጥጥ የተሞላ የቆየ ወፍ ወይም የእንስሳ ራስ ያላችሁ፣ ልጆች እንዳይነኩት፣ እናንተም በባዶ እጅ እንዳታራግፉት።

ወደ መዝገቡ ልመለስ። የሠሜን ዋልያን፣ ጭላዳንና ቀይ ቀበሮን ለአውሮፓ ሊቃውንት ያስተዋወቀው ኤድዋርድ ሩፕል የሰበሰበው ፍራንክፈርት ነው ያለው። አንቲኖሪ የሚባለው ጣሊያናዊ በአንኮበር አጠገብ ልጥ ማረፊያ ላይ ሆኖ የሰበሰበው ወደ ጄኖዋ ሄደ፤ እሱ ራሱ በ1882 እ.ኤ.አ. እዚያው ልጥ ማረፊያ ሞቶ ተቀበረ። ኦስካር ኖይማን የሚባለው ጀርመናዊ በ1900 እና በ1901 እ.ኤ.አ. ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ኦሞን ተሻግሮ፣ በካፋና በጊሚራ ደን አድርጎ ሱዳን ሲገባ የሰበሰበው የእኛው ጎረቤት ደን ወፍና እንስሳ በአውሮፓ መደርደሪያዎች ላይ ይገኛል። ስማቸው በላቲን ተጽፎ፣ የያዛቸው እንግዳ ስም ተጽፎ ታገኛላችሁ። ዛፉን ያሳየው፣ ወንዙን ያሻገረው፣ የእንስሳውን ስም በራሱ ቋንቋ የነገረው የአገሩ ሰው ግን ስሙ በአብዛኛው አልተጻፈም። ይህን ቅሬታ ለማሰማት ብቻ አላነሣሁትም። እነዚያ መንገድ መሪዎች በዘመናቸው የሚጠይቁበት ሕግ አልነበረም፤ እኛ ግን አለን።

ሕጉን ላስታውሳችሁ። የዱር እንስሳት ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም አዋጅ አለ። ማንም ሰው የዱር እንስሳ ለመያዝም ሆነ ለምርምር ለመሰብሰብ ከሚመለከተው መሥሪያ ቤት ፈቃድ ሊኖረው ይገባል። የጀነቲክ ሀብትና የማኅበረሰብ ዕውቀት አርክቦት እንዲሁም የማኅበረሰብ መብቶች አዋጅ ቁጥር 482/1998 ደግሞ እናንተን በቀጥታ ይመለከታል። ስለዱሩ የምታውቁት ነገር፣ የትኛው ፍሬ ለየትኛው ወፍ፣ የትኛው ቅጠል ለየትኛው በሽታ የምትሉት ዕውቀት የማኅበረሰቡ መብት መሆኑን ያ አዋጅ ይናገራል። በዓለም አቀፍ ደረጃም ለመጥፋት የተቃረቡ የዱር እንስሳትና ዕፅዋትን ንግድ የሚቆጣጠረውን ስምምነት አገራችን ከ1989 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ተቀብላለች። እንግዳው የደብዳቤውን ማኅተም ሲያሳያችሁ አንብቡት፤ ማንበብ ካቃታችሁ የሚያነብላችሁ የልጅ ልጅ አላችሁ። ፈቃዱ የስንት ወፍ፣ የየትኛው እንስሳ፣ እስከ መቼ እንደሆነ ጠይቁ። ለአምስት ፈቃድ ይዞ ሃያ የሚያጠምድን ሰው ዝም ማለት መተባበር ነው።

ማየት ከመያዝ ይቅደም ያልኩበትንም ምክንያት ልግለጽ። የወፍ ጥናት ዛሬ በአብዛኛው በሞት አይካሄድም። በሁለት ዘንግ መካከል በዓይን የማይታይ ቀጭን መረብ ይዘረጋል። ወፏ ሳታየው ትመታውና ከታች ባለው እጥፋት ውስጥ ትወድቃለች። ሠልጥኖ የመጣ ሰው በጥንቃቄ ያወጣታል፤ ክንፏን ይለካል፤ ይመዝናታል፤ ቁጥር ያለው ቀለበት እግሯ ላይ አጥልቆ ይለቃታል። በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ በጥላ ሥር በሚበቅል ቡናና በተፈጥሮ ደን ውስጥ የዩታ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከኢትዮጵያውያን ባልደረቦቻቸው ጋር እንዲህ አድርገው ያጠኑትን በ2015 እ.ኤ.አ. አሳትመዋል። በዋንዛ፣ በብሳናና በሰሳ ጥላ ሥር ያለው ቡናችን ከጫካው የሚበልጥ ብዛት ያለው የወፍ ዓይነት አስተናግዶ ተገኘ። ነገር ግን በጫካው ሥር፣ በጨለማው ቁጥቋጦ ውስጥ ነፍሳት እየለቀሙ የሚኖሩትና ከደን ውጭ የማይመቻቸው ወፎች ከቡናው ይልቅ በተፈጥሮ ደኑ ውስጥ በርክተው ታዩ። ልብ በሉ፤ ይህ ሁሉ የታወቀው ወፎቹ በሕይወት ተለቀው ነው። ትርጉሙም ለእኛ ግልጽ ነው፤ የቡናችን ጥላ ትልቅ ዋጋ አለው፤ ጨርሶ ያልተመነጠረውን ደን ግን አይተካም።

መረቡ ራሱ ግን በሰነፍ እጅ ገዳይ ነው። መረብ ዘርግቶ ቡና ሊጠጣ የሚሄድ ሰው ካያችሁ አስቁሙት። ወፍ መረብ ላይ ተንጠልጥላ ፀሐይ ከመታት ወይም ዝናብ ካረጠባት ብዙም አትቆይ። መረቡ ሳይዘገይ በየጊዜው መታየት አለበት። ዝናብ ሲያንዣብብና ቀትር ሲከር መጠቅለል አለበት። ማታ የተረሳ መረብ የሌሊት ወፍም ይይዛል፤ ያም የራሱ አደጋ አለው፤ እመጣበታለሁ። በስልክ የተቀዳ የወፍ ድምፅ እያሰሙ ወፏን ወደ ካሜራ የሚጠሩትንም አትተዉአቸው። እንቁላል የታቀፈች እናት ባላንጣ የመጣባት መስሏት ጎጆዋን ትታ ስትወጣ፣ እንቁላሉ ይበርዳል፤ አዳኝ ይደርስበታል። ለአንድ ፎቶ ተብሎ አንድ ዘር ይጠፋል።

አሁን ስለ ሰው ሕይወት ልናገር። ይህን ክፍል ከሌላው ሁሉ በላይ አክብዳችሁ ስሙት።

ከእናንተ መካከል በ1960 እና በ1962 እ.ኤ.አ. መካከል በኦሞ ተፋሰስና በደቡብ ምዕራብ የወረደውን የቢጫ ወባ ወረርሽኝ ልጅ ሆኖ የሰማ አለ። ወደ 100 ሺህ ሰው እንደታመመ፣ ወደ 30 ሺህ እንደሞተ ተገምቷል። ሊቃውንቱ የበሽታውን መንገድ ሲከተሉ ያገኙት በደኑ ያሉትን ጦጣዎችና ዝንጀሮዎች፣ በእንሰቱና በጎደሬው ቅጠል ብብት ውስጥ በሚጠራቀም ውሃ የምትፈለፈለውንም ትንኝ ነው። እንግዲህ የደኑ በሽታ ወደ ቤታችን ሲሻገር መንገዱ ምን ያህል አጭር እንደሆነ ተመልከቱ። በ1967 እ.ኤ.አ. ከኡጋንዳ ለላቦራቶሪ ሥራ በተወሰዱ ጦጣዎች ምክንያት በጀርመን ማርቡርግና ፍራንክፈርት እንዲሁም በቤልግሬድ 31 ሰዎች ታመው 7 ሞቱ። ያ በሽታ የከተማውን ስም ይዞ ማርበርግ ተባለ። በኅዳር 2025 እ.ኤ.አ. ይኸው በሽታ በእኛው አገር በጂንካ መገኘቱ ታወጀ። ተህዋሲውን ሳይታመሙ ተሸክመው የሚኖሩት በዋሻ የሚያድሩ ፍሬ በል የሌሊት ወፎች ናቸው።

ስለዚህ በልጆቻችሁ ላይ እዘዙ። ወደ ሌሊት ወፍ ዋሻ ያለ ጓንትና ያለ አፍ መሸፈኛ ማንም ሰው አይግባ፤ ለገንዘብም ቢሆን አይግባ። ሞቶ የተገኘ ጉሬዛ ወይም ጦጣ በባዶ እጅ አይነካ፤ ሥጋው ለውሻ አይጣል። እንስሳ የሚገፍፍ ሰው እጁ ላይ ቁስል ካለ ቢላውን ያስቀምጥ። የሚሞቱ ጦጣዎች በአንድ አካባቢ ከበዙ፣ ለጤና ጣቢያው በዚያው ቀን ይነገር። ሳይቃጠል በቅጠል ያሉት አባቶቻችን በከንቱ አይደለም።

ሌላው በገዛ እጃችን ያለው ጉዳይ የጥርኝ ነው። በሊሙና በአካባቢው ከጥንት ጀምሮ ወንድ ጥርኝ ከዱር እየተያዘ፣ በጠባብ ቀፎ እየታሠረ፣ ዝባዱ እየተጨለፈ በቀንድ ተሞልቶ ይሸጥ ነበር። በዝባድ ቤታቸውን ያቆሙ አባቶች ስለነበሩ ሥራውን አላዋርድም። ነገር ግን ጥርኝ በቀፎ አይራባም፤ የሞተውን ለመተካት ሁልጊዜ ሌላ ከዱር መያዝ ግድ ነው። ከወጥመዱ ቁስልና ከድንጋጤው የተነሣ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የሚሞተውም ጥቂት አይደለም። የውጭ ሽቶ ሠሪዎች ብዙዎቹ ወደ ፋብሪካ ምትክ ስለዞሩ ገበያውም እንደ ድሮው አይደለም። በሌላ በኩል ጥርኝ በቡና ውስጥ ምን እንደሚሠራ ታውቃላችሁ። የበሰለውን ቀይ ፍሬ ይበላል፤ ሌሊት ሌሊት እየመጣ በሚጸዳዳበት አንድ ቦታ ላይ ፍሬው ሳይፈጭ ይወጣል፤ በክረምት እዚያው ችግኝ ሆኖ ይበቅላል። ያንን ቦታ በእንጨት እየገለበጠ የሚያይ ተማሪ፣ ጥርኙን ሳይነካ በወሩ ምን ሲበላ እንደከረመ ያውቃል። ዛሬ ጥርኝ ከዱር ለመያዝ ያሰበ ሰው በጉያችሁ ካለ፣ ከልጁ ድርሻ እየቀነሰ መሆኑን ንገሩት።

ስለ ረግረጎቻችንም ዝም አልልም። በጅማ ዙሪያ ያሉት ረግረጎች፣ የቦዬው ጭምር፣ ባለ ዘውዱ ክሬን የሚያርፍባቸውና የሚራባባቸው ናቸው። ያ ወፍ በክረምት በቄጠማ መካከል ጎጆውን ይሠራል። ረግረጉ ሲጠነፈፍ፣ ባሕር ዛፍ ሲተከልበት፣ ጭቃው ለጡብ ሲወጣ፣ ወፉን የገደለው ሰው በስም አይጠራም፤ ወፉ ግን ይጠፋል። ከጠመንጃ የከፋ መያዝ ይህ ነው፤ ጠመንጃ አንዱን ይወስዳል፣ የደረቀ ረግረግ ሁሉንም። ወራሽ ሆናችሁ የረግረግ ዳር መሬት የያዛችሁ፣ ከማጠንፈፋችሁ በፊት ወራሾቻችሁን ሰብስባችሁ ተመካከሩ።

እንግዲህ ምን እናድርግ? አራት ነገር አዝዛለሁ፤ አዝዛለሁ ያልኩትም በዕድሜዬ ሳይሆን በጉዳዩ ክብደት ነው።

አንደኛ፣ በየቀበሌው አንድ ጠንካራ ደብተር ይገዛ፤ ከዕድር ጸሐፊው ዘንድ ይቀመጥ። የመጣ ቡድን ሁሉ ስሙን፣ የመጣበትን ተቋም፣ የፈቃዱን ቁጥር፣ የገባበትን ደን፣ ያየውንና የያዘውን በእጁ ይጻፍበት። የመራው የአገሩ ሰው ስምም አብሮ ይጻፍ። ከእንግዲህ የማንም መሪ ስም ሳይጻፍ አይቅር።

ሁለተኛ፣ በዚያው ደብተር ጀርባ እኛ የምናውቀው ይጻፍ። ክሬኑ በየትኛው ሳምንት እንደመጣ፣ ጉሬዛው ከየትኛው ጫካ እንደጠፋና ከመቼ ጀምሮ፣ ጋጋኖው የተወው ረግረግ የቱ እንደሆነ፣ ጉማሬ እስከ መቼ ድረስ የት ይታይ እንደነበር። ይህ በማንም ሙዚየም ውስጥ የለም፤ በእኛ ጭንቅላት ውስጥ ብቻ ነው ያለው። ከእኩዮቻችን መካከል ብዙዎቹን ቀብረናል፤ ስንቱ ዕውቀት አብሮ እንደተቀበረ ራሳችሁ ታውቃላችሁ። ሩስፖሊን ስንወቅስ እኛም እሱ የሠራውን እንዳንሠራ። ማንበብና መጻፍ የማይችል ይናገር፤ ተማሪ የልጅ ልጁ ይጻፍለት።

ሦስተኛ፣ ናሙና መሰብሰብ ግድ ከሆነ ከሚሰበሰበው ከፊሉ በአገር ውስጥ እንዲቀር ጠይቁ። ጅማ ዩኒቨርሲቲ በደጃችን ነው፤ በአዲስ አበባ አራት ኪሎም የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም አለ። የጥናቱ ጽሑፍ ሲታተም አንድ ቅጂ ለቀበሌው እንዲላክ ቃል አስገቡ፤ ቃሉም በደብተሩ ላይ ይፈረምበት።

አራተኛ፣ ያለ ፈቃድ ለሚመጣ፣ ጫጩት ለሚገዛ፣ ቆዳ ለሚጠይቅ፣ «ማንም አያይም፤ ጥሩ እከፍላለሁ» ለሚል ሰው መንገድ የሚመራ ሽማግሌ በሽምግልና ወንበር ላይ አይቀመጥ። በእርቅና በጋብቻ የምናስከብረውን ቃል በዱሩም ላይ እናስከብር። የጨው ክምር ሲናድ ሞኝ ይልሳል፣ ብልህ ያለቅሳል ይባላል። የክምሩ መናድ ተጀምሯል፤ ከሞኞቹ ወገን እንዳንቆጠር።

ለዚህ ሁሉ «ሆዳችን ሳይጠግብ ለወፍ እናስብ?» የሚል መልስ እንደሚሰጠኝ አውቃለሁ። የቡና ዋጋ ሲወድቅ፣ የማዳበሪያው ሲወጣ፣ ለአንድ ቀን መንገድ መሪነት የሚከፈል ብር ቤት ውስጥ ምን እንደሚያደርግ አላጣሁትም። ግን ተመልከቱ፤ ወፍ ለማየት የሚመጣው ሰው ወፉ እስካለ ድረስ በየዓመቱ ይመጣል። ወፉን ይዞ የሚሄደው አንድ ጊዜ ይመጣል። ጥላ ሥር ለሚበቅል ቡናችን ዓለም ዋጋ የሚሰጠው በዛፎቹ ላይ ሕይወት ስላለ ነው። ዱሩ ከተራቆተ እንግዳውም አይመጣ፤ ቡናውም ስሙ ይወድቃል፤ ሆዱም አይጠግብ።

እኩዮቼ፤ ዕድሜያችን ገፍቷል። ከእኛ በኋላ የሚመጣው ትውልድ በዱሩ ውስጥ ምን እንደነበር ሲጠይቅ የሚያገኘው ወይ በሕይወት ያለ እንስሳ ነው፤ ወይ በእውነት የተጻፈ መዝገብ ነው፤ ወይ ምንም። ሦስተኛውን መልስ እንዳንተውላቸው ነው የምለምናችሁ፤ የማስጠነቅቃችሁም። ከሚመጣው ሳምንት የዕድር ስብሰባ ጀምሮ ይህ ጉዳይ በአጀንዳ ይያዝ፤ ደብተሩም በዚያው ቀን ይከፈት። አደራዬን ሰጥቻለሁ፤ አልሰማንም የሚል አይኑር።